«ተኩስ» ያለው ማን ነበር?

የጭነት መኪናው የመዝገብ ቤቱን የብረት በር በአፍንጫው ደርምሶ ሲገባ መርፌ በሦስተኛው ክፍል መሰላል ላይ ነበረች። በሩ ተገንጥሎ የግቢው ንጣፍ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ሕንፃው ከነመደርደሪያው ተንቀጠቀጠ፤ ከጣሪያው ሥር የተኛው የስንት ዘመን አቧራ አናቷ ላይ ወረደ። ቀጥሎ የዘበኛውን ጩኸት ሰማች። «ኧረ ቁልፉ አለኝ! ጌቶቼ፣ ቁልፉ እጄ ላይ ነው!» ይላል። እውነቱን ነው፤ ቁልፉን አንጠልጥሎ ነበር ወደ በሩ የሮጠው። ግን ገና ትናንት ከተማ የያዘ ጦር በቁልፍ የሚከፈት በር አይጥመውም። አንድ ጥይት ጮኸ። ዘበኛው የጀመረውን ሳይጨርስ ቀረ።

መርፌ የእናት የአባቷ ስም አይደለም። የተበተነ ፋይል በመርፌና በሰም ክር ስለምትሰፋ መሥሪያ ቤቱ ያወጣላት ስም ነው፤ ምላሷም እንደዚያው ስለሚወጋ ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። ያን ጠዋት ግን ልትሰፋ ሳይሆን ልትቀድ ነበር የመጣችው። በእጇ ምላጭ፣ በጭኗ ላይ የጡብ ፋብሪካው ፋይል አለ። የፋይሉን ክር ቆርጣ አንዲት ቢጫ ወረቀት መዝዛ ስታበቃ ነው በሩ የፈረሰው።

ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገች እሷም በደንብ አታውቅም። እጇ ስንት ዓመት የለመደውን ሥራ ያለ እሷ ፈቃድ ሠራ፤ ፋይሉን ዘጋ፣ ሪባኑን አሰረ፣ ቦታው መለሰ። ወረቀቷን አጣጥፋ ጡቶቿ መካከል ወሸቀችና ከመሰላሉ ወረደች።

ወረቀቷ ምን እንደነበረች እንናገር። መርፌ ገና ልጅ ሳለች በከተማው ጡብ ፋብሪካ የሚሠሩ ተሸካሚዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ የቀን ሂሳባችን ይስተካከል ብለው ሥራ አቆሙ። ፖሊስ ተላከ። ፖሊስ ተኮሰ። አርባ ምናምን ሰው ወደቀ። ስለዚያ ቀን የተጻፈው ሪፖርት እንዲህ ብሎ ይዘጋል፤ «ተኩስ እንዲከፈት ያዘዝኩት እኔ ነኝ።» ከሥሩ የአንድ መቶ አለቃ ፊርማ አለ። መቶ አለቃው ዛሬ ጉልበታቸው የማይታጠፍ፣ ዓይናቸው የደከመ ጡረተኛ ናቸው፤ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለ ቤት ውስጥ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጃቸው መርፌ ናት።

ከተማውን የያዘው ሻለቃ ደግሞ የዚያ የጡብ ፋብሪካ ሰፈር ልጅ ነው አሉ። ትናንት ከሰዓት ሁለት የቀድሞ ፖሊሶችን ከየቤታቸው አስወጥቶ ገበያው ግንብ ሥር አስረሽኗል። ማምሻውን በየግድግዳው አዋጅ ተለጠፈ፤ የወደቀውን መንግሥት ወረቀት የሰረቀ፣ የደበቀ፣ ያቃጠለ በሞት ይቀጣል ይላል። መርፌ አዋጁን አንብባ ሌሊቱን ዓይኗን ሳትከድን አደረች፤ ሲነጋ ምላጭ ይዛ ወጣች።

ወታደሮቹ ወደ ንባብ ክፍሉ ሲገቡ የመዝገብ ቤቱ ሹም ቆመው ጠበቋቸው። ሽማግሌው አባ አቧራ ይባላሉ፤ ከልብሳቸው እስከ ቅንድባቸው የመዝገብ ትቢያ ስለማይለያቸው ነው። ስሙን ያወጡት ሠራተኞቹ ሲሆኑ እሳቸው ራሳቸው እየሳቁ ተቀብለውታል። ያን ቀን ግን የሚስቅ አልነበረም። መርፌ ከኋላቸው መስኮቱ አጠገብ ቆመች። በመስኮቱ የግቢው ጥግ ይታያል፤ የሸሸው ገዢ ትናንት ጠዋት ሲያስቃጥለው ያረፈደው የቴሌግራም ክምር አሁንም ይጨሳል። ከበሩ አጠገብ ዘበኛው በአፉ ተደፍቷል። ቁልፉን አልለቀቀም።

ሻለቃው ብዙም ግዙፍ ሰው አልነበረም። ኮፍያውን አውልቆ ብብቱ ሥር ያዘና በትሕትና እጅ ነሣ።

«አባቴ፣ ስለ በሩ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ።

«ስለ ዘበኛውስ?» አሉ አባ አቧራ።

ሻለቃው ጥያቄውን እንዳልሰማ አለፈው። «የጡብ ፋብሪካውን ፋይል እፈልጋለሁ። እናቴ ጡብ ተሸካሚ ነበረች። የዚያን ቀን ምሳዋን ይዤላት ሄጄ ግርግሩ ሲነሣ ጋሪ ሥር ተደበቅኩ። ከጋሪ ሥር የሚታየው ጫማ ብቻ ነው። ጫማ አየሁ፤ አንድ ሰው 'ተኩስ!' ሲል ሰማሁ፤ እናቴ አጠገቤ ወደቀች። ፊቱን አላየሁትም። ስሙን እናንተ ጋ አገኘዋለሁ ብዬ ነው ከዚያ ሁሉ ተራራ የመጣሁት።»

አባ አቧራ መርፌን አላዩአትም። ራሳቸው ሄደው ፋይሉን አመጡና ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ሻለቃው ተቀምጦ ሪባኑን ፈታ። ምራቅ ሳይነካ፣ ሳይጎትት፣ በጣቱ ጫፍ ገጽ ይገልጥ ነበር፤ ከጦርነቱ በፊት አስተማሪ ነበር የሚባለው እውነት ሳይሆን አይቀርም። አንድ ገጽ፣ ሌላ ገጽ፣ የሟቾች ስም ዝርዝር፣ የፋብሪካው ባለቤት አቤቱታ። ከዚያ ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?» ብሎ አንዲት ሰማያዊ ካርድ አነሣ።

መርፌ በቁሟ ደረቀች።

መዝገብ ቤት ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ አባ አቧራ አዲስ ሠራተኛ ከኮቱ በፊት የሚያለብሱት ይህን ሕግ ነው። ከፋይል ወረቀት የሚያነሣ ሰው በባዶው ቦታ የምትክ ካርድ ያስገባል። ካርዱ ላይ የተነሣው ወረቀት ምንነት፣ ቀኑና የወሰደው ሰው ፊርማ ይሰፍራል። መርፌ ይህን ስታደርግ ኖራለች፤ በእንቅልፏ ብትጠየቅ በእንቅልፏ ትሞላዋለች። ያን ጠዋትም በሩ ፈርሶ፣ ዘበኛው ተገድሎ፣ ከኮቷ ኪስ ካርድ አውጥታ ሞልታ ፈርማ ነበር። ለመስረቅ መጥታ ደረሰኝ ቆርጣ ሄደች ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሌባ ዓለም አይቶ አያውቅም።

«'የመቶ አለቃው ሪፖርት፣ አንድ ገጽ'» ብሎ ሻለቃው አነበበ። «የዛሬ ቀን ነው ያለበት። ፊርማው የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አሉ አባ አቧራ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

«ወረቀቱስ?»

«አቃጠልኩት።»

ሻለቃው ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ በትሕትና አቀበላቸው። «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ፤ ላስተያየው።»

ሽማግሌው እርሳሱን ተቀበሉ። የመርፌ ፊርማ የክር ቋጠሮ የመሰለ ጥምዝምዝ ነው፤ እሳቸው ሊያስመስሉት ሞከሩ፣ ግን ዕድሜ ልካቸውን የሐሰት ፊርማ ሲያጋልጡ የኖሩ ሰው የሐሰት ፊርማ ከየት ያመጣሉ? ሻለቃው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አየ። ከዚያ ከወታደሮቹ አንዱን፣ ጢማሙን፣ በዓይኑ ጠቀሰው። ጢማሙ የአባ አቧራን ቀኝ እጅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጠመንጃው ሰደፍ መታው። አንዴ ሲመታው ጣቶቹ ተንኮሻኮሹ። ሽማግሌው ጩኸታቸውን ዋጡት፤ ሁለተኛው ሲያርፍ ግን የወጣው ድምፅ የእሳቸው አይመስልም ነበር።

«ተዉዋቸው!» አለች መርፌ። «እኔ ነኝ። ፊርማው የእኔ ነው።»

እጇን ጡቷ መካከል ከታ ወረቀቷን አወጣች። ላቧ አርሶታል። ሻለቃው ተቀብሎ ዘረጋው፤ አነበበ፤ የመጨረሻዋን መስመር ደገማት። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ምንሽ ነው?» አላት።

«አባቴ ናቸው።»

«በሕይወት አለ?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ሌላው፣ ቀጫጫው ወታደር፣ ማጅራቷን ይዞ በጉልበቷ ጣላት። ሻለቃው ራሱ ሽጉጡን አውጥቶ የኮቷን ኮሌታ የሚያስተካክልላት ያህል ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና አፈሙዙን ከኋላ ራስ ቅሏ ላይ አስደገፈው። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። መርፌ የሚገርም ነገር ታሰባት፤ ብረቱ እንዲህ ከቀዘቀዘ ዘበኛውን የገደለው ይህ ሽጉጥ አይደለም ብላ አሰበች።

«ያነበቡት ወረቀት ውሸት ነው» አለች።

«ማን ይላል?»

«ወረቀቱ ራሱ ይላል። ይጠይቁት።»

አባ አቧራ የተሰበረ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ተቀምጠዋል። ከሥቃያቸው መሀል መርፌን ሲያዩአት ዓይናቸው ተለወጠ። ገና በተቀጠረች በመጀመሪያው ሳምንት ይህንኑ ፋይል ፊቷ አስቀምጠው አስተምረዋት ነበር። የማን ልጅ እንደሆነች አጥተውት አይደለም፤ ስለሚያውቁ ነው። ወረቀት እንደማንኛውም የሚያወራ ሰው ነው ብለዋት ነበር፤ እንደ ሰው ጠይቂው። ማን ነህ በይው። መቼ ተጻፍክ፣ ያን ቀን የት ነበርክ፣ ማንን ለማስደሰት ተናገርክ፣ ከመናገርህ በፊትስ ማን አናገረህ በይው። መጀመሪያ ሰድበሽ አታባሪው፣ መጀመሪያም አትውደጂው። መርፌ ያን ቀን የአባቷን ፊርማ አይታ አልቅሳለች። አባ አቧራ እንባዋ እስኪያልቅ ጠብቀው፣ «ወረቀቱን እንዳታረጥቢው» ብቻ ነበር ያሏት።

«ቀኑን ይዩት» አለች አሁን። «ተኩሱ ሰኞ ነው፤ ሪፖርቱ የተጻፈው ዓርብ ነው። አባቴ ሌላውን ሪፖርት ሁሉ በዕለቱ ነበር የሚጽፉት፤ ፋይላቸው እዚህ ሞልቷል። ሁሉም በእጅ ጽሑፍ ነው። ይህ በታይፕ ነው። ፖሊስ ጣቢያው ያን ጊዜ ታይፕ አልነበረውም። የነበረው በገዢው ጽሕፈት ቤት ነው፤ አንዱ ፊደሉ እግሩ የተሰበረ የጽሕፈት መኪና ነበር። በገዢው ደብዳቤዎች ላይም ያ ፊደል ልክ እንደዚህ ተሰብሮ ያገኙታል። ያልጻፉትን ቃል አስፈርመዋቸዋል።»

ሻለቃው ሽጉጡን ሳያነሣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለ። ረጅም ጊዜ አየው። መርፌ የሱን ትንፋሽ ትሰማለች። እያነበበ እንደሆነ፣ በእውነት እያነበበ እንደሆነ ስታውቅ ተስፋ አደረገች።

«ታዲያ ያዘዘው ማነው?» አላት።

«የገዢው ቴሌግራሞች ነበሩ።»

«የት አሉ?»

መርፌ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ሁሉም በመስኮቱ ወደሚጨሰው ክምር አዩ።

«ጎበዝ ነሽ» አለ ሻለቃው። ፌዝ አልነበረም። «ወረቀቱ ውሸታም መሆኑን ነገርሽኝ። እውነተኛው ወረቀት ደግሞ አመድ ሆኗል። እንግዲህ ከሰውየው አፍ እንስማ።»

የተላኩት ወታደሮች ቤቱን ለማግኘት አልተቸገሩም፤ መቶ አለቃው የት ይኖራሉ ቢባል ሰፈሩ በሙሉ ጣቱን ይቀስራል። መርፌ ተንበርክካ ስትጠብቅ ጉልበቷ ደነዘዘ። አባ አቧራ ቀስ ብለው፣ «መርፌ» አሉ።

«አቤት አባ።»

«ካርዱን ሞልተሽው ሄድሽ?»

«እጄ ነው የሞላው።»

ሽማግሌው ፊታቸው በላብ ተጠምቆ፣ ከንፈራቸው ነጥቶ፣ ትንሽ ፈገግ አሉ። «አይ የኔ ልጅ። እኔ ነኝ የገደልኩሽ» አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋና አለቀሱ።

አባቷን በሹራብና በቤት ጫማ ነበር ያመጧቸው። በብብታቸው ይዘው ስለጎተቷቸው አንደኛው ጫማ መንገድ ላይ ቀርቷል። ግንባራቸው ተፈንክቶ ደሙ በቅንድባቸው ወርዷል። መነጽራቸው የለም። ክፍሉን ዓይናቸውን አጥብበው ሲቃኙ ቆዩና የልጃቸውን ኮት ለዩት፤ ከኮቱ በላይ የተደገነውን ሽጉጥም ለዩት።

«ልጄ ምን አድርጋ ነው?» አሉ።

«ይህን ፊርማ ያውቁታል?» ብሎ ሻለቃው ወረቀቱን ዓይናቸው ሥር አደረገላቸው። አሁንም ድምፁ ትሑት ነው።

«የእኔ ነው።»

«ቃሉስ?»

አባቷ ዝም አሉ። መርፌ ይህን ዝምታ ታውቀዋለች። በራት ሰዓት በጠየቀቻቸው ቁጥር ማንኪያቸውን አስቀምጠው የሚዘጉት በር ነው። አንድ ቀን ታመው ሲቃዡ ሰምታ እንኳን ቃል አላገኘችም። አባቷ ስለዚያ ሰኞ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናግረው አያውቁም።

«ላስረዳዎት» አለ ሻለቃው። «ልጅዎ ይህን ወረቀት ሰርቃለች። ሌባ ይረሸናል፤ አዋጁን ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። ግን እኔም እናት ነበረችኝ። ጥፋተኛው እርስዎ ከሆኑ፣ ልጅ ለአባቷ ብላ አደረገችው እልና እለቃታለሁ። ጥፋተኛው እርስዎ ካልሆኑ የደበቀችው ለማን ብላ ነው? ለገዢው ነዋ። የገዢውን ሰዎች ምን እንደማደርግ ገበያው ግንብ ሥር ሄደው ማየት ይችላሉ።»

«አባባ፣ እንዳይመልሱለት!» አለች መርፌ። «እውነቱን ብቻ ይናገሩ!» ሁለቱ እንደማይገጥሙ የገባት ካለችው በኋላ ነው።

አባቷ ደም የወረደበትን ቅንድባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «እኔ ነኝ» አሉ።

«ውሸት ነው!»

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት፣ ጌታው። ልጅቱ አታውቅም፤ ያን ጊዜ ሕፃን ነበረች።»

መርፌ ልትነሣ ስትታገል ቀጫጫው ወታደር በእርግጫ ጎድኗን ብሎ መለሳት። ትንፋሽ አጠራት። ሻለቃው ሽጉጡን ከራሷ አንሥቶ ወደ አባቷ ዞረ፤ ፊቱ ግን የሚፈልገውን ያገኘ ሰው ፊት አልነበረም። ዓይኑ ከወረቀቱ ወደ መቶ አለቃው፣ ከመቶ አለቃው ወደ ወረቀቱ ይመላለሳል። የተሰበረችዋ ፊደል ገብታበታለች።

«ድምፁን አውቀዋለሁ» አለ። «እንቅልፍ በወሰደኝ ቁጥር እሰማዋለሁ። እንደዚያን ቀን አድርገው ይበሉት።»

«ምን ልበል?»

«ያሉትን። ከልብዎ ይበሉት።» ለሁለቱ ወታደሮች ምልክት ሰጠ። ጢማሙና ቀጫጫው መሣሪያቸውን አቀባብለው አባቷ ደረት ላይ አነጣጠሩ። ማስፈራሪያ ነበር፤ መቶ አለቃው እንዳይቀልዱ። ቢያንስ በኋላ ሻለቃው እንዲያ ነው ያለው።

አባቷ ጠመንጃዎቹን አዩአቸው። ፖሊስ ነበሩና የጠመንጃ ምላጭ ላይ ያረፈ ጣት ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። የሹራባቸውን ቁልፎች ከላይ እስከታች ቆለፉ። ጫማ ያለውን እግራቸውን ጫማ ከሌለው ጋር ገጠሙት። የማይታጠፈው ጉልበታቸው በዚያች ሰዓት ለክብር ዘብ የተሠራ መሰለ።

«ልጄ» አሉ፣ ሳያዩአት። «ዓይንሽን ጨፍኚ።»

መርፌ አልጨፈነችም።

«ተኩስ!» አሉ አባቷ።

ከዚያ ከከሳ ደረት ይወጣል ተብሎ የማይገመት፣ ወፍራም፣ ክፍሉን የሞላ ድምፅ ነበር። የመስኮቱ መስታወት የተንቀጠቀጠው በድምፁ ይሁን በተኩሱ ለመለየት አይቻልም፤ ቀጫጫው ወታደር ቃሉ ሳያልቅ ነው የተኮሰው፣ ጢማሙም ተከተለው። አንደኛው ጥይት ደረታቸውን፣ ሌላው አንገታቸውን መታ። መቶ አለቃው ወደ ኋላ ከፋይል መደርደሪያው ጋር ተላትመው ወደቁ፤ የሁለት ክፍለ ዘመን የመሬት ግብር መዝገብ ላያቸው ላይ ተናደ።

«ማን አዘዛችሁ!» ብሎ ሻለቃው ጮኸ። የጢማሙን ጠመንጃ ነጥቆ ወረወረው፤ ቀጫጫውን በጥፊ አጋጨው። «ማን ተኩሱ አላችሁ?»

ቀጫጫው ጉንጩን ያዘ። «ተኩስ ተባለ፣ ጌታዬ» አለ። «ተኩስ ሲባል ሰማሁ።»

መርፌ እየዳኸች አባቷ ጋ ደረሰች። መዝገቦቹን አንድ በአንድ ከላያቸው አነሣች። በአንገታቸው ላይ መዳፏን ጫነች፤ ደሙ በጣቶቿ መካከል መንገዱን አላጣም። ዓይናቸው ይፈልጋታል። አፋቸው ሊናገር ሞከረ፤ የወጣው አየር ብቻ ነበር። ከዚያ መፈለጉን ተዉት። መርፌ ኡኡ አላለችም። ለማልቀስ ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር መከፈት ነበረበት፤ አልከፈት አለ።

ሻለቃው ክፍሉን ከጫፍ ጫፍ ተመላለሰ። ኮፍያውን አደረገ፣ አወለቀ። በኋላ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠና በደከመ ድምፅ፣ «ተጽፎ መሄድ አለበት» አለ። «ጠቅላይ ሰፈር የሞተን ሰው ሁሉ በጽሑፍ ይጠይቃል። የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ እጅ የለውም። አንቺ ጻፊ።»

መርፌ ተነሥታ መጣች። በደም የራሰ እጇን በኮቷ ጠረገች። ወረቀት አስተካክላ ቀኑን ጻፈች፤ ቦታውን ጻፈች፤ የነበሩትን ሰዎች በሙሉ ጻፈች።

«ተከሳሹ ጥፋቱን በራሱ አንደበት አመነ» አለ ሻለቃው።

«ሲያምን ሽጉጡ የሴት ልጁ ራስ ላይ ነበር» አለች መርፌ፤ እንዳለችውም ጻፈች። ሻለቃው ከንፈሩን ነከሰ፤ አልከለከላትም።

«ተኩስ ብሎ ያዘዘውም ራሱ ነው። ወታደሮቹ የተኮሱት በእሱ ትእዛዝ ነው።»

ብዕሯ ቆመ። ቃሉ እውነት ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ሐሰት ነው የሚል የለም። ይህች ወረቀት ከዚህ ወጥታ ስትሄድ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ የማያውቃት ሰው ሲገልጣት፣ አባቷ ለሁለተኛ ጊዜ ተኩስ ያሉ ሰው ሆነው ይገኛሉ። መርፌ አንገቷን ቀና አድርጋ ሻለቃውን አየችው።

«አንድ ነገር ጎድሏል» አለች። «ምስክር ጎድሏል። ያን ሰኞ ጋሪው ሥር የነበሩት እርስዎ ነዎት፤ ድምፁን የሰማ ሌላ ሰው እዚህ የለም። ዛሬም ሰምተዋል። ድምፁ ያ ነበር?»

ሻለቃው ወደ ሬሳው ዞረ።

«ለእኔ አይመልሱ» አለች። «ለእናትዎ ይመልሱ። ገዳይዋን አገኘሁልሽ ሊሏት ነው ወይስ አልተገኘም ሊሏት ነው?»

ጢማሙ ጠመንጃውን ከወደቀበት አላነሣም ነበር። ሻለቃው ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያያቸው ጀመር። ፊቱ ላይ ያለው ሁሉ ተናደ፤ ለአንድ አፍታ እንደ ሻለቃ ሳይሆን ከጋሪ ሥር እንደወጣ ልጅ ታየ።

«አይደለም» አለ። «ያኛው ድምፅ ቀጭን ነበር።»

መርፌ ጻፈች።

«ይህን አትጻፊ።»

«ጽፌዋለሁ።»

እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደ። መርፌ ወረቀቱን አዙራ ፊቱ አስቀመጠችው፤ ብዕሩንም በወረቀቱ ላይ አጋደመችለት። ከጠዋት ጀምሮ ሽጉጥ ተደግኖባት እንኳን አንቱ ስትለው የነበረች ሴት ናት።

«ፈርም» አለችው።

ሻለቃው ከላይ እስከታች አነበበው። የተሰበረች ፊደል ሲፈልግ እንደነበረው፣ ቀስ ብሎ፣ መስመር በመስመር አነበበው። ከዚያ ብዕሩን አንሥቶ ፈረመ። ወታደሮቹን ጠርቶ ሲወጣ ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ ረሳው።

መኪናው ከግቢው እስኪወጣ መርፌ በቆመችበት ቆየች። ከዚያ ሄዳ አባቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ራሳቸውን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች፤ ባዶ እግራቸውን በኮቷ ሸፈነች። ስንት ዓመት በራት ሰዓት ስትጠይቃቸው የኖረችው ሰው ናቸውና ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች።

«አባባ» አለቻቸው፣ አሁን እንባዋ እየመጣ፤ «እርስዎ አይደሉም ብሏል።»